በቋጠሮ የቀረችው ማንኪያ

ሰውየው የሞተው በምሳ ሰዓት ነው፤ አራት ሰዎች አሥራ አንድ እርምጃ ርቀው ተቀምጠው እየበሉ ሳሉ።

እርምጃውን የቆጠረው ኢንስፔክተሩ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እንጨት ሥራ ቤቱ ሲደርስ ማንንም ሳያነጋግር፣ ሠራተኞቹ ምሳ ከሚበሉበት ረጅም ጠረጴዛ ተነሥቶ ሟቹ እስከወደቀበት የጣውላ መጋዘን በር ድረስ ዝግ ብሎ ተራመደ። አሥራ አንድ። ተመልሶ ደግሞ ቆጠረ። ያው ነው። አሥራ አንድ እርምጃ ሰው ተጣርቶ ሰው የሚደርስለት ርቀት ነው። ከሁሉ በፊት ይህ ነገር ልቡን ከነከነው።

ሟቹ ጣውላ ቆራጭ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በዚህ ቤት ሲሠራ አንድ ቀን ከባልደረቦቹ ጋር ቀርቦ በልቶ ስለማያውቅ «ለብቻ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ምሳውን ቤቱ አብስሎ፣ በትንሽ ጓጉንቸር በሚቆለፍ ምሳ ዕቃ ይዞ ይመጣል። ስድስት ሰዓት ሲሆን መጋዘኑ ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ በልቶ፣ አፉን ጠርጎ ይወጣል። ቁልፉ በክር ታስሮ አንገቱ ላይ ነው የሚውለው። ሬሳው ሲነሣም እዚያው አንገቱ ላይ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። የጣቢያው አዛዥ ነው።

«ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ገና መግባቴ ነው ጌታዬ።»

«ስማኝ፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ሰውየውን ሰሊጥ እንደሚገድለው እህቱ ነግራናለች። ቤቱ ድስት ውስጥ የቀረው ምግብ ንጹሕ ነው፤ ከምሳ ዕቃው በተወሰደው ናሙና ውስጥ ግን የሰሊጥ ምልክት ተገኝቷል። ስለዚህ እዚያው ሥራ ቤት ነው የገባበት። የአብሳይዋ ሙቀጫ ደግሞ ሰሊጥ በሰሊጥ ነው። ምግቤን ናቀ ብላ ስትጠላው ኖራለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሌላ ነገር ካላመጣህልኝ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ሴትዮዋም በግድያ ትከሰሳለች።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ስልኩን ዘጋ።

ጣቢያ ውስጥ «ጆሮው» ይሉታል። ምርመራን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም፤ በወጣትነቱ የሰው ቃል የሚገለብጥ ጸሐፊ ነበር። ሃያ ዓመት ሲገለብጥ ሰው ከሚናገረው ይልቅ ዘልሎት የሚያልፈውን መስማት ለመደ። ሚስቱ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ እራቱን የሚበላው ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ነው፤ ለአንድ ሰው ጠረጴዛ መጥረግ ሥራ ማብዛት ይመስለዋል። ከመጉረሱ በፊት ግን የሚያደርጋትን አጭር ጸሎት አልተዋትም።

ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ጣቢያ የታሰረችውን አብሳይ አነጋግሯት ነበር። ሻሽዋ ተንሸራቶ፣ ዓይኗ አብጦ ነው ያገኛት።

«ጠልተሽው ነበር?»

«አዎ ጠልቼዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ምግቤን ሲጸየፍ ልስመው ኖሯል?»

«ሰሊጡስ?»

«ዳቦው ላይ የምነሰንሰው ነው። በየሳምንቱ እወቅጣለሁ፤ ሁሉም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል። የምወቅጥ ቀን በወጥ ቤቱ በር እንኳ አያልፍም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲወድቅ በስሙ ልጠራው ብዬ ስሙ ጠፋብኝ። ለብቻ፣ ለብቻ እያልኩ ጮህኩ። በዚህ ስም ጠርቼው ሞተ» አለች።

ኢንስፔክተሩ ይህን ቃል ማስታወሻው ላይ አልጻፈውም። መጻፍ አላስፈለገውም።

አሁን የመጋዘኑን በር ከፈተ። መስኮት የለውም። ጣውላ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ መሃል ላይ አንዲት በርጩማና ወደ ታች የተገለበጠ ሣጥን አሉ። ምሳ ዕቃው ተከፍቶ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ድንቹና ካሮቱ እኩሌታው ተበልቷል። ከጎኑ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር አለ። ኢንስፔክተሩ ቋጠሮውን ፈታው። የብረት ማንኪያ ነው፤ ደረቅ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። አሸተተው፤ መልሶ እንደነበረ ቋጠረው። ከዚያ አጎንብሶ ሣጥኑን ከጎን ተመለከተ። ያልተላገው እንጨት ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያላት የጠቆረች ነጥብ አየ። እንጨቱ ቅባት ጠጥቷል። በሰንጢ ቀጭን ስንጥር አንሥቶ በወረቀት ጠቀለለና በር ላይ ለቆመው ፖሊስ ሰጠው። «ለላቦራቶሪው አድርስልኝ። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው፦ ሰሊጥ ነው ወይስ አይደለም?»

መጀመሪያ ያነጋገረው የሥራ ቤቱን ባለቤት ነው። ቦርጫም፣ እጁን እያፋተገ የሚናገር ሰው ነው።

«ሆዱን ያመው ነበር፤ እኔ የማውቀው ይኸን ነው» አለ ባለቤቱ። «እኔም'ኮ ወተት አይስማማኝም። ከጠጣሁ ሆዴ ተነፍቶ ከበሮ ነው የሚሆነው። ታዲያ ማን ሞተ? አንድ ቀን ተጨንቄ አድራለሁ፣ አለቀ።»

«እሱም እንደ እርስዎ ነበር የመሰለዎት?»

«እንዴ፣ ሌላ ምን አለ?»

ቫርኒሽ ቀቢው ቀጥሎ ገባ። ቀልድ የሚወድ ጎልማሳ ነው፤ ዛሬ ግን ቀልዱ አፉ ላይ አልመጣ ብሎታል።

«የመጣ ሰሞን ቆሞ ነግሮን ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «ሰሊጥ በአፌ ከገባ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ መርፌ አለኝ፣ እንዲህ አድርጉልኝ አለ። ረጅም ነገር አወራ። እኔም፣ ያው ታውቀኛለህ… ማለቴ፣ አያውቁኝም። ‹ክቡርነትዎ፣ ውሃስ ይስማማዎታል?› አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። የጠየቀውን ሁሉ ሆዴን ያመኛል ይል ነበር።»

«ትናንት ምን ሰማችሁ?»

«ጣውላ ሲንኳኳ ሰማን። ‹ለብቻ ዛሬ ድንቹን እየደበደበው ነው› አልኩ።» ከንፈሩን ነከሰ። «ሳቅን። አባባ ብቻ አልሳቁም። እሳቸው ከመቀመጣችን ጀምሮ በሩን በሩን ነበር የሚያዩት። ሁለተኛ ሲንኳኳ ዘለው ተነሡ፤ ቀድመው የደረሱትም እሳቸው ናቸው።»

«አባባ» የሚሏቸው ማንኪያና ገበቴ የሚጠርቡት ሽማግሌ ናቸው። የሥራ ጠረጴዛቸው መስኮት ሥር ነው። ኢንስፔክተሩ ሲጠጋ መሮውን በተገላቢጦሽ ይዘው እንጨቱን ሲፍቁ አገኛቸው። ግድግዳው ላይ የተጠረቡ ማንኪያዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ በሲባጎ ታስረው ተሰቅለዋል።

«ለምን ጥንድ ጥንድ አደረጓቸው አባባ?»

«ከአንድ ጉማጅ ናቸው። ጉማጁን መሃል ለመሃል እሰነጥቀዋለሁ፤ ግማሹ አንድ፣ ግማሹ አንድ ማንኪያ ይሆናል። መስመራቸውን እየው፤ ቢገጥሙ አንድ እንጨት ናቸው።»

የመስኮቱ ደፍ ላይ ቀላ ካለ እንጨት የተሠራች አንዲት ማንኪያ ነበረች። ለብቻዋ። ኢንስፔክተሩ አያት፤ ስለ እሷ ግን አልጠየቀም።

«ማንኪያም ቫርኒሽ ይቀባል?»

«ኧረ በፍጹም! ሰው አፍ የሚገባን ነገር ማን መርዝ ይቀባል? በፊት የተልባ ዘይት ነበረን፤ አሁን አልቋል። የሚበላ ዘይት ከሆነ ይበቃል። እንጨቱ ይጠጣዋል።»

«ጠጥቶስ? ዘይቱ የት ይሄዳል?»

«የት ይሄዳል! እንጨት ይሆናላ።»

ይህን እንዳሉ እጃቸው ቆመ። ኢንስፔክተሩ የሽማግሌውን ጣቶች ሲመለከት ቆየና አመስግኖ ሄደ።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ትልልቆቹ ድስቶች ጥላሸት ለብሰው ምድጃው ዙሪያ ተደርድረዋል። ከእነሱ ርቃ፣ ከሙቀጫው ተቃራኒ ግድግዳ ላይ፣ እሳት ያልነካት ትንሽ ድስት ተሰቅላለች፤ እጀታዋ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። መደርደሪያው ላይ የሰሊጥ ዘይት ጠርሙስ አለ፤ ያልተጣራ፣ ታቹ የደፈረሰ። አንገቱ ላይ ደቃቅ ቀላ ያለ የእንጨት ብናኝ ተጣብቋል። አብሳይዋ እንጨት አትፍቅም።

ግቢ ወጥቶ ሬሳውን ወዳየችው ሐኪም ደወለ።

«ዶክተር፣ ባለቤቱ ወተት አይስማማኝም ይላል። እውን ከሟቹ ሕመም ጋር አንድ ነገር ነው?»

«አይደለም» አለች። «እሱ ወተቱን መፍጨት ነው ያቃተው፤ ሆዱ ይታወካል እንጂ አይገድለውም። ትንሽ ትንሽ ቢጠጣ ሊችለውም ይችላል። የሟቹ ግን አለርጂ ነው። ሰውነቱ ሰሊጥን እንደ ጠላት ነው የሚቆጥረው፤ ራሱን እከላከላለሁ ብሎ የራሱን ጉሮሮ ይዘጋል። እንዲህ ላለ ሰው ትንሽ ብሎ ነገር የለም።»

«ያልተጣራ ዘይት በጠጣ እንጨት ትኩስ ምግብ ቢበላስ?»

«እንደ እሱ ላለ ሰው ይበቃዋል» አለች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የላቦራቶሪው መልስ መጣ። ኢንስፔክተሩ አብሳይዋን ከጣቢያ አስመጣ፤ አራቱንም ምሳ በሚበሉበት ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠ። ከዚያ መጋዘኑ ገብቶ የሟቹን በርጩማ በእጁ ይዞ ወጣ፤ አሥራ አንዱን እርምጃ ተራምዶ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አኖራት።

«አንድ በአንድ እንሂድ» አለ ቆሞ። «ምግቡ ከቤት ሲወጣ ንጹሕ ነበር። ምሳ ዕቃው ተቆልፎ ነው የመጣው፤ ቁልፉ ደግሞ አንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ ራሱ እስኪከፍተው ድረስ ማንም ምንም አልጨመረበትም።»

«ሲከፍተውስ?» አለ ቀቢው።

«ሲከፍተው በሩ ተዘግቷል፤ መስኮት የለም፤ እናንተም አራታችሁም እዚህ ናችሁ። እንግዲህ ሰሊጡን ምሳ ዕቃው ውስጥ ያስገባው የራሱ እጅ ነው። ሳያውቅ።»

ባለቤቱ እጁን ማፋተጉን ተወ። «ሳያውቅ እንዴት ይሆናል? ያ ሰው'ኮ አየሩን ሳይቀር መርምሮ ነው የሚተነፍስ!»

«እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነው።» ኢንስፔክተሩ ነጩን ቋጠሮ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «የብረት ማንኪያው እንደተቋጠረ ነው። ደረቅ ነው፤ ምግብ አልነካውም። ምግቡ ግን እኩሌታው ተበልቷል። በምን በላ?»

በጣቱ ወደ መጋዘኑ አመለከተ።

«በሌላ ማንኪያ። ሣጥኑ ላይ ቅባት የጠጣች ነጥብ አለች፤ ማንኪያው ያረፈበት ቦታ ነው። ላቦራቶሪው ሰሊጥ ነው ብሏል። ብረት ቅባት አይጠጣም፣ አይተፋም። የእንጨት ማንኪያ ነው፤ አዲስ፣ ገና የተቀባ። የዘይቱ ጠርሙስ ወጥ ቤት ነው ያለው፤ አንገቱ ላይ ቀይ የእንጨት ብናኝ አለበት። እዚያ መስኮት ደፍ ላይ ደግሞ ከቀይ እንጨት የተሠራች ማንኪያ አለች። በዚህ ቤት ማንኪያ ነጠላ ሆኖ አያውቅም። ከአንድ ጉማጅ ሁልጊዜ ሁለት ይወጣል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ እህቷ የት አለች?»

ሽማግሌው እጃቸውን ብብታቸው ከትተው በጨርቅ የተጠቀለለች ማንኪያ አወጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርገው አኖሯት። ቀይ እንጨት ነው፤ እጀታዋ ላይ መስመሩ እንደ ውሃ ይፈሳል።

«ሰሊጥ እንደማይሆነው አውቃለሁ» አሉ። «ለእኔ ነግሮኛል። ግን በእግዚአብሔር ስም፣ ዘይቱን ሳነሣው የሚበላ ነገር ሆኖ አልታየኝም። አርባ ዓመት እንጨት ስቀባ ነው የኖርኩት። ከገባ በኋላ እንጨት ነው ብዬ… እኔ የመሰለኝ የሚጎዳው ድስታችን፣ ሳህናችን፣ የሰው ማንኪያ ነው። የራሱ ማንኪያ ካለው ከእኛ ጋር ይቀመጣል ብዬ ነው። አንዷ ለእሱ፣ አንዷ ለእኔ። ‹ዛሬ ሞክራትና ነገ ይዘሃት ወደ ጠረጴዛው ና› አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ምንም። በሁለት እጁ ተቀበለኝ።» ዕንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። «እሱ'ኮ የሚቀርብለትን ሁሉ ይጠይቃል። ውሃ ብትሰጠው ብርጭቆው በምን ታጠበ ይላል። እኔን ግን አልጠየቀኝም። በምን ቀቧት ብሎ አልጠየቀኝም! ቅር እንዳይለኝ ብሎ እኮ ነው።»

ቫርኒሽ በሚሸትበት ቤት ጥሬ ሰሊጥ ማሽተት አይቻልም ነበር፤ ኢንስፔክተሩ ይህንንም ሊጨምር አስቦ ተወው።

«በሩን ስከፍት በጣቱ ማንኪያዋን አሳየኝ» አሉ ሽማግሌው። «ያኔ ገባኝ። አንሥቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።» ወደ አብሳይዋ ዞሩ፤ ቀና ብለው ማየት ግን አልቻሉም። «አንቺን ሲወስዱሽም ዝም አልኩ። የመጀመሪያውስ ስሕተት ነው። ይኼኛው ግን ኃጢአት ነው።»

አብሳይዋ መቀነቷን ስታጠብቅ፣ ስትፈታ፣ ስታጠብቅ ቆየች።

«አንድ ነገር ቀረ» አለ ኢንስፔክተሩ። ወደ መውጫው በር ሄዶ ከሚስማሩ ላይ የሟቹን ኮት አወረደ። ከውስጥ ኪሱ ብዕር የምትመስል መርፌና አራት ላይ የታጠፈች ካርድ አወጣ። «ይህች መርፌ ልታድነው ትችል ነበር። በየቀኑ ይዟት ይመጣል፤ በየቀኑ እዚህ በር ላይ ትሰቀላለች። መጋዘኑ ውስጥ ሆኖ ሊጠራ ሲሞክር ድምፁ አልወጣም፤ ጣውላ መታ። ቢከፈትለትም መርፌዋ የት እንዳለች የሚያውቅ አልነበረም። ካርዷ የተጻፈችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ቀኑ አለባት። የመጣ ሰሞን ሊያነብላችሁ የነበረው ይህን ነው።»

ካርዷን ዘርግቶ አነበበ፦

«‹ጉሮሮዬ ከተዘጋ መርፌዋ ኮቴ ኪስ ውስጥ ናት። ክዳኗን ንቀሉ፤ ጭኔ ላይ፣ በልብሴ ላይም ቢሆን፣ ተጭናችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አስተኙኝ፤ መተንፈስ ካቃተኝ አስቀምጡኝ እንጂ አታቁሙኝ። ሐኪም ጥሩ። ሐኪም እስኪመጣ ብቻዬን አትተዉኝ።›»

ቀቢው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ባለቤቱ ኮፍያውን አወለቀ። ሽማግሌው እጃቸውን ለፖሊሱ ዘረጉ፤ ኢንስፔክተሩ ግን ካቴናው ይቆይ ብሎ በዓይኑ ጠቀሰ። ስሕተቱን ዳኛ ይመዝነዋል። ዝምታቸውን ደግሞ እዚህ የምትመዝን ሴት አለች።

ሴትዮዋ ተነሣች። ማንንም ሳታይ ወጥ ቤት ገባች። ሙቀጫውን ወደ ግቢ አወጣችው፤ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና አጠበች። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ቀይ ክር ያላትን ድስት አውርዳ ውሃ ጨመረችባትና ድንች ትልጥ ጀመር።

«ያቺ ድስት የማን ናት?» አለ ኢንስፔክተሩ በሩን ተደግፎ።

«የእሱ ናታ። አራት ዓመቷ ነው ከገዛኋት።» ቢላዋዋ አልቆመም። «ሌላ ነገር አልነካባትም። አንድ ቀን ምግብ አብስዪልኝ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ይለምነኝ ብዬ! ምን ምን ላስቀርልህ ብዬ ብጠይቀው ምላሴ ይቆረጥ ነበር?»

ድንቹ ሲበስል ድስቷንና አምስት ሳህን ይዛ መጣች። የመጀመሪያውን ሞልታ ሽማግሌው ፊት አኖረች። «ብላ» አለቻቸው፤ ከዚህ በፊት አንተ ብላቸው አታውቅም። «በባዶ ሆድህ እዚያ ጣቢያ አትገባም፤ ሌሊቱ ይበርዳል።» ሽማግሌው ሳህኑ ላይ አጎንብሰው ቀሩ።

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው፤ አዛዡ ጋ መደወል አለበት። የራሱን ኮት ሊያነሣ ሲል አብሳይዋ አምስተኛውን ሳህን ይዛ ፊቱ ቆመች። ጭልፋው በእጇ ነው፤ ገና አልጨለፈችም።

«እርስዎስ?» አለችው። «የማይስማማዎት ነገር አለ?»

በዚያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር። እሱም ራሱ ከተጠየቀው አምስት ዓመት አልፎታል። ኮቱን ተወው።

«የለም እህቴ» አለ። «ስለጠየቅሽኝ እግዜር ይስጥልኝ።»

በርጩማዋን ሳበና ተቀመጠ።